የማሎቲ ሸርጣን

ኮሂኑር ድንጋዩ ትዝ ያላት ምስሩ አልበስል ያለ ጊዜ ነው።

ድስቱ ከተጣደ ቆይቷል። እናቷ በጭልፋ እያወጣች ፍሬውን በጣቷ ትጨፈልቃለች፤ ፍሬው አይጨፈለቅም።

«ይሄ ምስር ነው ጠጠር?» አለችና ቀመሰችው። ፊቷን አጨማደደች። ሁለተኛ ቀመሰች። ከዚያ ጭልፋውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወደ እንስራው ሄደች፤ ውሃውን በመዳፏ ጨልፋ ምላሷን ነካ አደረገችበት።

«ኮሂኑር፣ እንስራው ውስጥ ጨው ጨምረሻል?»

«ለምንድን ነው የምጨምረው አማ?»

«ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ!»

እናቷ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «አለቀልን» አለች። «ኩሬው ጨው ገብቶበታል።»

የኮሂኑር እናት ሀስና በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ «አለቀልን» ትላለች። ዶሮዋ ስታስነጥስ አለቀልን ነው። ጡብ ፋብሪካ ሥራ የሄደው ባሏ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ ካላነሳ አለቀልን ነው። ኮሂኑር ፈተና ደርሶባት እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ «ይቺ ልጅ ትወድቃለች፣ አለቀልን» ነው። ኮሂኑር ቃሉን ከመልመዷ የተነሳ አትሰማውም። ያሁኑን ግን ሰማችው። እናቷ ሁልጊዜ ጮኻ ነበር የምትለው፤ አሁን ግን በሹክሹክታ ነው ያለችው።

ያኔ ነው ድንጋዩ ትዝ ያላት። ማክሰኞ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ አይታው ነበር። ሸምበቆው መሀል ከተደበቀው ማሰሮ ክዳን ላይ መቀመጥ ሲገባው ሣሩ ላይ ወርዶ ተቀምጧል። ጓደኛዋ ሺውሊ አንስታው ይሆናል ብላ አለፈችው። ዛሬ ዓርብ ነው።

በመንደሩ ዙሪያ ውሃ የለም የሚል የለም፤ ወንዙ አለ፣ ቦዩ አለ፣ የሽሪምፕ ማርቢያው አለ። ሁሉም ጨው ነው። የሚጠጣው ጣፋጩ ኩሬ ብቻ ነው። የዝናቡን ውሃ አጠራቅሞ እስከሚቀጥለው ዝናብ ስልሳ ቤት ያጠጣል። ለዚህ ነው አጥር ያለው። አጥሩ የቀርከሃ በር አለው፣ በሩ ጓጉንቸር አለው፣ ጓጉንቸሩ ደግሞ ሞታሌብ ቻቻ አሉት። ጠዋት ከፍተው፣ አራቱንም ጥግ በምላሳቸው ቀምሰው፣ ማታ ይቆልፋሉ። ልጅ አዋቂው ሁሉ ቻቻ፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። ሕጉንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጨው ወገን የመጣ ነገር በዚያ በር አያልፍም። ቦይ የነካ ባልዲ አያልፍም። መረብ አያልፍም። የረገጥሽውን ጭቃ እንኳ በሩ ሥር ካለው ገንዳ ታጥበሽ ነው የምትገቢው።

ኮሂኑርና ሺውሊ ሸርጣን አሳልፈዋል።

ሸርጣኗ ለማሎቲ ነበረች። ማሎቲ የሺውሊ ታላቅ እህት ናት፤ ሁለቱም «ዲዲ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ይሏታል። ወንዙ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ካለ መንደር ተድራ፣ አሁን የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እዚያ ያለው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ደም ግፊቷ ወጣ፤ ሐኪሙም «ልጁን ከፈለግሽው ጣፋጭ ውሃ ወዳለበት ሂጂ» አላት። ሐሙስ እንደምትመጣ ስትደውል ታዲያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰናፍጭ የተሠራ ሸርጣን አምሯታል። ሺውሊ ጭቃው ላይ ስታድን ውላ አንዲት ትልቅ ያዘች። ግን ገና አልወፈረችም፤ ጥቂት ቀን መቀለብ አለባት። ቤት ብታስቀምጣት ሁለቱ ወንድሞቿ በአንድ ማታ ይጨርሷታል። ተቆልፎ የሚያድር ቦታ ደግሞ በመንደሩ አንድ ብቻ ነው።

ማሰሮውን በእንስራ ጨርቅ ሸፍና በበሩ ያሳለፈችው ኮሂኑር ናት። ሞታሌብ ቻቻ እንኳ «በርቺ ልጄ» ብለዋታል።

ትናንት ሺውሊ «ዲዲ በላቻት፣ ጣት ታስቆረጥም ነበር» ስትላት ኮሂኑር እፎይ ብላ ነበር።

*

ኮሂኑርና እናቷ ኩሬው ጋ ሲደርሱ ግማሹ መንደር ቀድሟቸዋል። ሁሉም እየቀመሰ እንትፍ ይላል።

«እኔ ሻይ አፍልቼበት ወተቱ ተቆራረጠ!»

«እኔ ደግሞ ትናንት ማታ ሾርባው ላይ ጨው በዛ ብዬ ከሚስቴ ተጣላሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው አሁን?»

«ጠይቃት፣ ጨው ባይበዛም ጠይቃት!»

የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ዝናብ ሊመጣ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ሞታሌብ ቻቻ በሩ አጠገብ ቆመው ጓጉንቸሩን ሁለት እጃቸው ውስጥ ይዘዋል።

«ሰኞ ዕለት የቱቦውን መክደኛ ግራሶ ሲቀቡ አይቻለሁ» አለ አንዱ። ቱቦው በክረምት የተረፈውን ውሃ ወደ ቦዩ የሚያፈስ ነው። «ሳያጠብቁት ሄደው፣ ወንዙ ሲሞላ በዚያ ገባ። ሌላ ከየት ይመጣል?»

የኩሬው ኮሚቴ ሊቀመንበር መምህርት ሮውሻን ናቸው። ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። «ቻቻ» አሉ፣ «ማጥበቅዎን ያስታውሳሉ?»

ቻቻ ብዙ አሰቡ። «አጥብቄዋለሁ» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «አጥብቄዋለሁ መሰለኝ።»

ያቺ «መሰለኝ» ጎዳቻቸው። ሰዉ አጉረመረመ። መምህርቷ ወደ መሬት እያዩ፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልፉን ቢያስረክቡኝ ይሻላል። እርስዎም ይረፉ» አሉ።

ኮሂኑር ከእናቷ ጀርባ ሆና ወደ ሸምበቆው አየች። ከሸምበቆው ጀርባ ክትሩ አለ፤ ኩሬውን ከሽሪምፑ ማርቢያ የሚለየው የአፈር ክትር። ማርቢያው አፉ ድረስ ሞልቷል። ኩሬው ደግሞ በበጋው ወርዶ ወርዶ፣ ከማርቢያው በክንድ ያህል ዝቅ ብሏል።

«በላቻት» አለች ለራሷ። «ሺውሊ በላቻት ብላለች።»

*

ማሎቲ በእነ ሺውሊ ቤት በረንዳ ላይ ያበጡ እግሮቿን ትራስ ላይ ሰቅላ ተጋድማለች።

«ኮሂኑር! ነይ እዚሁ ሳሚኝ፣ እኔ መነሳት አልችልም። አንዴ ከተነሳሁ ለመቀመጥ ኮሚቴ ያስፈልገኛል።»

ኮሂኑር ሳመቻት። «ዲዲ፣ ሸርጣኗ እንዴት ነበረች?»

«የምን ሸርጣን?»

ቤት ውስጥ አንድ ሳህን ወደቀ። ሺውሊ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ የኮሂኑርን ፊት ስታይ ወደ ጓሮ ሄደች። ኮሂኑር ተከተለቻት።

«"ጣት ታስቆረጥም ነበር" አላልሽኝም?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ጠፋች በዪኛ!»

«ጠፋች ብልሽ እንደ እናትሽ "አለቀልን" ልትዪብኝ!» ሺውሊ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ረቡዕ ነው ባዶውን ያገኘሁት። ወደ ማርቢያው ተሻግራ ሄዳለች ብዬ ተውኩት።»

«በምን ተሻገረች? በድልድይ?»

«አቦ፣ አትፎግሪኝ።»

«አልፎገርኩሽም። ሸርጣን ክትር ስታገኝ ምን እንደምታደርግ እኔና አንቺ እናጣዋለን?»

ሺውሊ ቁጢጥ ብላ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። «ዲዲ እዚህ የመጣችው ለውሃው ነው» አለች ከጨርቁ ሥር። «ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አልሰጣትም፣ ውሃ ብቻ። እሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ልንገራት? ያውም ለአንቺ ብዬ ነው ልበላት?»

«ቻቻስ?»

«ቻቻ አርጅተዋል። መምህርት ሮውሻን ይረፉ ነው ያሏቸው፤ ማንም አልመታቸውም።»

«ቀዳዳውን ማን ይደፍነዋል? ሁሉም ቱቦውን ነው የሚያየው።»

ሺውሊ ቀሚሷን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች። ኮሂኑር ልትሄድ ስትዞር ግን ቀና ብላ፣ «ከነገርሽ በቃ፣ አንተዋወቅም» አለች።

ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ሺውሊ ሒሳብ ትሠራላታለች፣ ኮሂኑር ድርሰት ትጽፍላታለች። አውሎ ነፋሱ የመጣ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደሩት። ኮሂኑር ወደ ኩሬው ስትመለስ እያንዳንዱን ነገር በየእርምጃዋ አስታወሰች፤ አስታውሳ ግን መንገዷን አላቋረጠችም።

ሰዉ ተበትኗል። እግሯን ታጥባ ገባችና ወደ ሸምበቆው ሄደች። ማሰሮው ክዳኑ ተንሸራቶ ቆሟል። ከማሰሮው ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ክትሩ ሥር፣ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያውን እንደ ዶቃ የተንከባለለ ጭቃ ተከምሮበታል። ከውስጡ ቀጭን ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

ባሕር።

*

ሞታሌብ ቻቻ በሩ ሥር ተቀምጠው ጓጉንቸሩን በሰናፍጭ ዘይት ያሻሉ።

«ለሌላ ሰው ሲሰጥ ዝገት ሊኖረው አይገባም» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «መክፈቻው ትንሽ አመለኛ ነው። ወደ ግራ ገፋ አድርገሽ ነው የምታዞሪው። ለአዲሱ ሰው ንገሪልኝ።»

«ቻቻ…»

«ተቀመጪ። ታውቂያለሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ ነበር። ባለፈው መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ፈለግሁት። መነጽሩን የረሳ መክደኛውንም ይረሳል።» ጨርቁን አጠፉት። «እንዲያውም አሁን አሁን ይታየኛል። ግራሶውን ቀብቼ፣ ሳላጠብቀው ተነስቼ ስሄድ። ጀርባዬን ሳይቀር አየዋለሁ።»

ሽማግሌው ያልሆነ ነገር እያስታወሱ ነበር። ነገ ደግሞ የበለጠ ያስታውሱታል፤ በሳምንቱ በዓይናቸው ያዩት ይሆናል።

«አልረሱም» አለች ኮሂኑር።

«ምን አልሽ?»

«አጥብቀውታል። ጨው የገባው በቱቦው አይደለም። ክትሩን ሸርጣን በስቶት ነው። ሸርጣኗን ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ በእንስራ ጨርቅ ሸፍኜ። እርስዎ እንኳ "በርቺ" ብለውኛል።»

ቻቻ ጓጉንቸሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም።

«አንቺ ሸርጣን አትበዪም» አሉ። «እናትሽ በአጠገቧ ሸርጣን ካለፈ ቤቱን ሦስቴ ታጥባለች። ለማን ነው?»

ኮሂኑር የእግሯን ጣቶች አየች። «እኔ ነኝ ያስገባኋት» አለች እንደገና።

«ለእህቴ ነው፣ ቻቻ።»

ሺውሊ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ትከሻዋ ላይ አካፋ ተሸክማለች። ከኋላዋ ማሎቲ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ በየሦስት እርምጃው እየቆመች ትመጣለች።

«ዘጠኝ ጊዜ ጠየቅኳት» አለች ማሎቲ እያለከለከች። «በአሥረኛው ተናዘዘች። ቻቻ፣ ቁጣ ካለ ለእኔም ያካፍሉኝ፤ አምሮኛል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቻቻ ሺውሊን አዩ፣ ኮሂኑርን አዩ፣ አካፋውን አዩ። «ሕጉን ታውቁታላችሁ» አሉ ሁለቱን።

«እናውቀዋለን» አሉ ሁለቱም።

«እሱን በኋላ እንነጋገራለን። አካፋውን ሳታጥቢ እንዳታስገቢው። በማርቢያው በኩል ዙሪ፤ ከዚያ ወገን ካልተደፈነ አይይዝም። ኮሂኑር፣ ሩጪና ሰው ጥሪ። ጥቁር ጭቃ ያምጡ፣ አሸዋ ያለበትን አይደለም!»

ኮሂኑር ሮጠች። እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ለእናቷ፣ ለመምህርት ሮውሻን፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አንዱን ነገር ደጋግማ ተናገረች። በተናገረች ቁጥር ፊቶች ይለዋወጣሉ፤ አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። «ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ!» ያላትም አለ። ቆማ አልሰማችም።

መምህርቷ ሳሪያቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ጠዋት ቱቦውን ሲከስ የነበረው ሰውዬ ክትሩን በዶማ ከፍቶ እጁን ከተተ፤ ወዲያው ደግሞ ጩኸቱ መንደሩን አናወጠው። እጁን ሲያወጣ ሸርጣኗ አውራ ጣቱ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ጣቱን ቆረጠችው! አለቀለት!» ጮኸች የኮሂኑር እናት።

«ሌላ ዘጠኝ አለው» አሉ ሞታሌብ ቻቻ። በዚያ ቀን የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቅ ያኔ መጣ። ሺውሊ ሸርጣኗን ከኋላ ይዛ ለማሎቲ አሳየቻት።

«ወፍራለች?» አለች ማሎቲ።

«ባዶ ናት፣ ዲዲ። ስትቆፍር ከስታለች።»

ጭቃውን እየረገጡ፣ እየደበደቡ፣ እየጨመሩ ደፈኑት። ሲጨርሱ ኮሂኑር ማሰሮው አጠገብ ተንበርክካ ረጅም ጊዜ አየች። የሚወርድ ውሃ የለም።

ኩሬው ግን በአንድ ቀን አይድንም። «ጨው ከባድ ነው፣ ወደ ታች ይተኛል» አሉ ቻቻ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ከዚህ ጥግ አይቅዳ። ከማዶው ጥግ፣ ከላይ ከላይ፣ ውሃውን ሳትረብሹ። ዝናቡ እስኪመጣ ያደርሰን ይሆናል።»

«ካላደረሰንስ?» አለች የኮሂኑር እናት። መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ ወገቧ ላይ አፏ በጨርቅ የታሰረች እንስራ ይዛለች። ኮሂኑር ደነገጠች። ከአልጋው ሥር የምትቀመጠው የዝናብ ውሃ ናት፤ ለክፉ ቀን የተባለች፣ አባቷ እንኳ ተጠምቶ ሲመጣ ያልተነካች።

«ያንቺ ናት» አለች ሀስና፣ እንስራዋን ማሎቲ እግር ሥር አስቀምጣ። «በጠዋትና በማታ አንድ አንድ ብርጭቆ። እንዳታቀምሻቸው፣ ወንድሞችሽንም ማንንም። እንደዚህ ያበጠ እግር ጥሩ አይደለም፤ እኔ አንዲት ሴት አውቃለሁ…» ከዚያ የማሎቲን ፊት አየችና የሴትየዋን ታሪክ ዋጠችው። «ብቻ ጠጪ።»

*

ፀሐይ ወንዙ ላይ ዝቅ ስትል መምህርት ሮውሻን ወደ በሩ መጡ። ጭቃው እስከ ክርናቸው ደርቋል።

«ቻቻ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቁልፉ የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው ቁልፉን ዘርግተው እንደያዙ ቀሩ። «ይቆዩ» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ጨው ሲገባ፣ በየጠዋቱ አራቱንም ጥግ ቀምሼ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ካለፈው ትኩሳት ወዲህ ምላሴ ጨውና ስኳር አይለይም።» ድምፃቸው ወረደ። «መናገር ነበረብኝ። ፈርቼ ነው። ይህን በር ከተቀማሁ ጠዋት የት ልሂድ?»

ኮሂኑር ሳታስበው ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ እቀምሳለሁ» አለች። «ከትምህርት ቤት በፊት። በየጠዋቱ።»

«በዚያ ጨለማ? እባብ ቢነድፍሽስ? አንሸራትቶሽ ኩሬው ውስጥ ብትወድቂስ?» አለች እናቷ። ከዚያ የልጇን ባዶ እግር አየችና፣ «ጫማ አድርጊ እንግዲህ። ጠዋት ሣሩ እርጥብ ነው» አለች።

«ሁለት ጥግ እሷ፣ ሁለት ጥግ እኔ» አለች ሺውሊ ከኋላ። ኮሂኑርን አላየቻትም፤ ግን መጥታ ከጎኗ ቆመች፣ ክርኗ ክርኗን እስኪነካ።

«የእግር መታጠቢያውን ገንዳም እናንተ ታጥባላችሁ» አሉ መምህርቷ። «ዝናብ እስኪመጣ። እያንዳንዱን ቀን።» ቻቻ ዘርግተው የያዙትን ቁልፍ መልሰው መዳፋቸው ውስጥ ከደኑት።

ሰዉ ወጥቶ አለቀ። ሞታሌብ ቻቻ የቀርከሃውን በር ገፉት፣ ጓጉንቸሩን አስገቡ፣ ወደ ግራ ገፋ አድርገው አዞሩት። ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ተመልሰው በሩን አዩት።

«ኮሂኑር፣ ቆልፌዋለሁ?»

ኮሂኑር ጓጉንቸሩን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። የሰናፍጩ ዘይት ጣቷ ላይ ቀረ።

«ቆልፈውታል፣ ቻቻ።»